ጨው፣ ግብር፣ ወለድ፦ ገንዘብን ከጎጃም ጀምሮ ማጥናት

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰዎች ወርቅና ብር ከመልመዳቸው በፊት በምን ይገበያዩ እንደነበር ይዘረዝራል። የህንድ ጠረፍ ዛጎል አለ፤ የኒውፋውንድላንድ የደረቀ ዓሣ አለ፤ የቨርጂኒያ ትምባሆ አለ፤ በአንድ የስኮትላንድ መንደር ደግሞ ሠራተኛው በገንዘብ ፈንታ ምስማር ይዞ ዳቦ ቤት ይሄድ ነበር ይላል። ከዝርዝሩ መካከል የሐበሻ ጨው ይገኝበታል። ስሚዝ ሐበሻን አይቷት አያውቅም፤ የሰማውን ጠቅሶ ያልፋል። የሚገርመው የእሱ ማለፍ አይደለም፤ የእኛ ነው። በየዩኒቨርሲቲው «ገንዘብና ባንክ» የሚባለው ኮርስ ሲሰጥ፣ ተማሪው ስለ አሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ስለ አሥራ ሁለቱ የአካባቢ ባንኮቹ፣ ስለ ኮሚቴዎቹ ሸምድዶ ይፈተናል። ስለ ጨው ገንዘቡ ስለ አሞሌ የሚማረው ግን፣ ከተማረም፣ ታሪክ ክፍል ነው።

ይህን ምዕራፍ እንደ አንድ ሴሚናር ዕቅድ ቁጠሩት። ደብረ ማርቆስ ላይ ጥቂት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሴሚስተር ቢሰጠኝ ምን አስነብባቸው ነበር? ሴሚናር ስል መምህር እያስጻፈ ተማሪ የሚገለብጥበትን ክፍል ማለቴ አይደለም። ሁሉም አንብቦ መጥቶ የሚሟገትበትን፣ መምህሩም ሊረታ የሚችልበትን ቦታ ነው። የቅኔ ቤቱን ዋሸራን ላፈራ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ መምህሩ የተናገረውን ሲደግም አይውልም፤ የራሱን ቆጥሮ መጥቶ ለትችት ያቀርባል። የእኛም ሴሚናር የሚከራከርበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው ማን ነው? ገበያው ወይስ መንግሥት?

ጥያቄው በዓለም ላይ ሁለት ትላልቅ ተሟጋቾች አሉት። ካርል ሜንገር የተባለው የቪየና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1892 ገንዘብ ያለ ማንም ትእዛዝ ከገበያ ይወለዳል ብሎ ጻፈ። ነጋዴ ሁሉ ሌላው ሰው በቀላሉ የሚቀበለውን ዕቃ መያዝ ይፈልጋል፤ በመጨረሻም አንዱ ዕቃ ሌሎቹን በልጦ የሁሉም መገበያያ ይሆናል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ፍሪድሪክ ክናፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 የለም አለ፤ ገንዘብ የሕግ ፍጡር ነው፤ መንግሥት «ግብር ስትከፍለኝ ይህን እቀበልሃለሁ» ሲል ያን ጊዜ ያ ነገር ገንዘብ ይሆናል። ሁለቱም ጎጃምን አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ሁለቱም የሚደሰቱበትም የሚያፍሩበትም ነገር ያገኙ ነበር።

ባሶ

የመጀመሪያው ንባብ ስለ የጁቤ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያወርደው በኩል፣ የጁቤ ላይ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን ኢትዮጵያ ዋና ዋና ገበያዎች አንዱ ነበር። ከጎንደርና ከደሪጣ የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ዓባይን ተሻግረው ከጉዱሩና ከእናርያ ከሚመጡት ጋር የሚገናኙት እዚህ ነው። ከወንዙ ማዶ የጉዱሩ አሳንዳቦ ገበያ፣ ከወዲህ ባሶ። ከደቡብ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ሰውም ለባርነት ተነድቶ ይመጣ ነበር፤ የገንዘብን ታሪክ ስናወራ ይህን መዝለል ተገቢ አይደለም። ከሰሜን የሚወርደው በዋናነት ጨው ነው። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ ዓ.ም. ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ንግድ ጽፏል፤ የእሱን ደብዳቤዎች ተማሪ ሁሉ ቢያነባቸው ደስ ይለኛል።

አሞሌው የሚቆረጠው አፋር ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በታች ነው። ጨው ቆራጩ በመጥረቢያ ከመሬቱ ፈንቅሎ፣ ጠርቦ፣ አራት ማዕዘን ያበጀዋል። ከዚያ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ እየተገላበጠ ጎጃም ይደርሳል። እንዳይሰበር ወገቡ ላይ በልጥ ይታሰራል። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ሙሉ ዋጋ አያወጣም፤ ሻጩ እያገላበጠ ያያል፣ በጣቱ ይኳኳል። ከጉዞው ርዝመት የተነሣ አንድ የምንዛሪ ሕግ በዓይን ይታይ ነበር። ጨው ከሚቆረጥበት አጠገብ አንድ ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር) ብዙ አሞሌ ይገዛል፤ ጎንደር ላይ ቁጥሩ ያንሳል፤ ባሶ ላይ ይበልጥ ያንሳል፤ ዓባይን ሲሻገር ደግሞ አሞሌው ይበልጥ ይወደዳል። ተማሪው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የምንዛሪ ልዩነት እዚህ ጋ የበቅሎ ኪራይ፣ የኬላ ቀረጥ፣ የመንገድ ሽፍታና የሚሰበረው ጨው ድምር ነው። ልዩነቱ ከዚያ ወጪ በላይ ከሆነ ነጋዴው ጭኖ ይወርዳል፤ ጨው ሲበዛ ልዩነቱ ይጠባል፤ ሲጠብ ነጋዴው ይቀራል። ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ምንዛሪው ራሱን ያስተካክላል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ተከዜ ይሞላል፤ ሲራራው ይቆማል፤ ቤት ያለው አሞሌም እርጥበት ይበላዋል። በዚያ ላይ ሰው ገንዘቡን ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ከብቱም ይልሰዋል። የገንዘቡ መጠን ከወር ወር የሚወስነው ዝናብና ምግብ ነው ማለት ነው። «ጨው ለራስህ ብትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚለው ተረት የሜንገርን ክርክር በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ ገንዘቡ ዋጋ ያለው በራሱ ስለሚፈለግ ነው።

እስካሁን ሜንገር እያሸነፈ ነው። አሞሌ ላይ የማንም ንጉሥ መልክ የለም፤ ከጎንደር መንግሥት መድከም በኋላ በዘመነ መሳፍንት መኳንንቱ እርስ በርስ ሲፋጁ እንኳ ባሶ በአሞሌ ሲገበያይ ኖሯል። ነገር ግን አንድ ተማሪ እጁን ማውጣት አለበት፦ ኬላውስ? ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ የሚከፍለው በምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ በዚያው በአሞሌ። የጨዉን መንገድ የሚጠብቀው፣ ሲራራውን የሚመራውና ቀረጡን የሚሰበስበው ሹም ደግሞ ትግራይ ውስጥ ባልጋዳ የሚባል ማዕረግ ነበረው። የዚያ ዘመን የብሔራዊ ባንክ ገዥ ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እየቀለድኩም እያመንኩም፣ ባልጋዳው ነው እላችኋለሁ። ገንዘቡን እሱ አልፈጠረውም፤ በሩ ላይ ግን እሱ ቆሟል።

የቪየና ብር

ከአሞሌው ጎን ጠገራ ብር ነበረ። ማሪያ ቴሬዛ የተባለችው የኦስትሪያ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ መልኳ ያለበት ብር ግን ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር፣ 1780 እንደተጻፈበት፣ መታተሙን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የብር ይዘቱ 83 በመቶ ገደማ። የጎጃም ነጋዴ ላቲን አያነብም፤ ምን እንደሚያይ ግን ጠንቅቆ ያውቃል፦ በጭንቅላቷ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች በደንብ ወጥተዋል? ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ አልደበዘዘም? ከመልኳ ሥር ያሉት ሁለቱ ፊደላት አሉ? ያረጀውንና የተፋቀውን ይመልሳል። ይህን ያስተማረው መንግሥት የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኢትዮጵያ የብር ገንዘብ ምንጩ ቪየና ነበር ማለት ነው፤ ሜንገር ከሚያስተምርበት ከተማ። ገንዘብ ከገበያ ይወለዳል ብሎ ሲጽፍ በዚያው ከተማ ያለው የገንዘብ ማተሚያ ለሐበሻ ገበያ ብር ይመታ ነበር። የንግሥቲቱ መንግሥት በኢትዮጵያ ግብር አይሰበስብም፤ ወታደርም የለውም፤ ሆኖም ብሯ ከምጽዋ እስከ ጉዱሩ ይሄዳል። ክናፕ ለዚህ መልስ ለመስጠት ይቸገራል። ተማሪዎቼ ግን ዋጋውንም እንዲያዩ እፈልጋለሁ። የብር ማዕድን በዓለም ገበያ ሲረክስ የጎጃም ነጋዴ ሀብት አብሮ ይረክሳል፤ ሲወደድ ብሩ ከአገር ይወጣል። ለዚህ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ምኒልክ ይህን አይተውታል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የራሳቸውን ብር እንዲመታ አዘዙ፤ ፓሪስ ተመትቶ 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዞ መጣ፤ ቆየት ብሎም አዲስ አበባ ላይ ማተሚያ ቆመ። ክብደቱም ይዘቱም ከጠገራው ጋር የተቀራረበ ነው፤ መልኩም የአገሩ ንጉሠ ነገሥት። ከከተማ ራቅ ሲል ግን ገበሬውና ነጋዴው ወይ አይቀበለውም ወይ ዋጋ ቀንሶ ይቀበለዋል። አዋጅ ነበር፤ ኃይልም ነበር፤ ከአድዋ በኋላ ደግሞ ክብርም ነበር። ጠገራ ብር ግን አልተነቃነቀችም። ሴሚናሩ እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሳምንት ቢቆይ አይቆጨኝም። መንግሥት አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ ለገበሬው የሚነሣው ጥያቄ «ብሩ ጥሩ ነው?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ነገ ከእኔ የሚገዛው ሰው ይቀበለኛል?» የሚል ነው፤ ይህን ደግሞ ንጉሥም በአንድ አዋጅ አይመልሰውም።

የሐበሻ ባንክ የተከፈተው የካቲት 1898 ዓ.ም. ነው። በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር ያለ፣ ለሃምሳ ዓመት ብቸኛ መብት የተሰጠው፣ አመራሩም የውጭ ሰው። ወረቀት ብርም አሳተመ፤ ከጥቂት ከተሞች ውጭ ግን እምብዛም አልዘለቀም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ገዝተውት የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት፤ ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን መጣና ሊሬውን ይዞ ገባ። ሊሬውን ገበሬው እንደማያምነው ጣሊያኖቹ ያውቁ ነበርና፣ የማሪያ ቴሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከቪየና በ1927 ዓ.ም. ገደማ ወስደው እነሱም ጠገራ ብር መቱ።

ግብሩና ለኪው

አሁን ለክናፕ እንፍረድለት። ጎጃም ውስጥ ገንዘብ ወደ ገበሬው ቤት የገባው በገበያ በር ብቻ አይደለም፤ በግብር በርም ነው። በድሮው ሥርዓት የሚገበረው ማር፣ እህል፣ ሰንጋ፣ ጉልበት ነበር። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ጎጃምን በገዙበት ዘመን ግን ብዙው በዓይነት የነበረ ግዴታ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተቀየረ። ራስ ኃይሉ ገንዘብ ወዳድ መሆናቸው በሕዝቡም በጸሐፊውም ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለእኔ ግን ከጠባያቸው ይልቅ አሠራሩ ይገርመኛል። ማር ሲገበር የነበረ ሰው ብር ክፈል ሲባል፣ ማሩን ይዞ ገበያ መውጣት የግድ ሆነበት። ሊሸጥ ያላሰበውን ይሸጣል፤ በመኸር ጊዜ ሁሉም በአንድነት ስለሚሸጥ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። እንግሊዞች በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው የጎጆ ግብር በገንዘብ የጠየቁት ይህንኑ ውጤት ፈልገው ነበር። ገንዘቡን ተፈላጊ የሚያደርገው ግብሩ ነው፤ ክናፕ ትክክል ነው።

ነገር ግን ግብር ራሱ ምን ላይ ይቆማል? ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ውጭ ተጨማሪ ግብር ሲጠይቁ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል። ከልቦለዱ ሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛው እምቢታ መጣ። ከወረራው በኋላ የወጡት የመሬት ግብር ሕጎች ብዙው ጠቅላይ ግዛት በጋሻ እየተለካ ሲከፍል ጎጃም በቀድሞ ልማዱ እንዲገብር ትተውት ነበር። በ1960 ዓ.ም. ግን አሥራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ግብር የሚተካ አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ገቢን ለማወቅ ምርት መገመት፣ ምርት ለመገመት መሬት ማየት ያስፈልጋል። ገማቾቹ ሲመጡ የሞጣ፣ የቢቸና፣ የዳሞት ባላገር አላስገባም አለ። ፍርሃቱ ከብሩ መጠን ይልቅ ልኬታው ነበር፤ ዛሬ የለካህ ነገ ርስትህን ይነቅልሃል ብሎ ነው ያመነው። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ሴሚናሩ ላይ ይህን የማነሣው ስለ ጀግንነት ለማውራት አይደለም። የጎጃም ገበሬ በ1960 ብርን አልጠላም፤ ብሩን በየገበያው ይፈልገው ነበር። የጠላው ግብሩን የሚያሰላውን ሰው ነው። መንግሥት ግብር በግልጽ መሰብሰብ ሲያቅተው ወጪውን አይተውም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያ መንገድ በባንክ መዝገብ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ መዝገቡን እንክፈተው።

የባንክ ቤት መዝገብ

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ገዥው ጆርጅ ብላወርስ የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ሐምሌ 1937 ላይ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። እዚህ ላይ የምኒልክን ትምህርት የተማረ ሰው እንደነበረ ይታየኛል። ወረቀቱ ብቻውን አልተላከም፤ 50 ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠራ፤ ብሩም ከአሜሪካ በብድር የተገኘ ነበር። ጠገራ ለለመደ እጅ ወረቀቱን ተቀበል ከማለት በፊት የሚጨበጥ ነገር ሰጡት። አሞሌም ጠገራም ቀስ በቀስ ከገበያ ወጡ። በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 206 የማዕከላዊ ባንክነቱ ሥራ ከንግድ ባንኩ ተለይቶ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ገዥ ምናሴ ለማ ነበሩ።

ማዕከላዊ ባንክ ምን ይሠራል? ብዙ ተማሪ «ገንዘብ ያትማል» ይላል። ትክክል ነው፤ ግን የታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው። ዕቁብን እናንሣ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ይወስዳል። አገሪቱ ውስጥ ያለው ብር አልጨመረም፤ ከአሥራ ዘጠኙ ኪስ ወደ አንዱ ዞረ እንጂ። ባንክ ግን እንዲህ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ባንክ ለአንድ የእህል ነጋዴ 500,000 ብር አበደረ እንበል። ባንኩ ከማንም ሒሳብ አልቀነሰም። በመዝገቡ በአንድ በኩል «ነጋዴው 500,000 ይከፍለኛል» ብሎ ጻፈ፤ በሌላው በኩል በነጋዴው ሒሳብ 500,000 ተቀማጭ መዘገበ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ያልነበረ ገንዘብ አሁን አለ። ነጋዴው በዚያ ጤፍ ይገዛል። ብድሩ ሲመለስ ደግሞ ያ ገንዘብ ይጠፋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ተማሪ ባንኩ አጭበረበረ ብሎ ያስባል፤ አላጭበረበረም፤ ፈቃዱ ይኸው ነው።

ባንኩን የሚገድበው ምንድን ነው? ጤፍ የሸጠው ገበሬ ወረቀት ይፈልጋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ የደብረ ማርቆስ ቅርንጫፎች ጥሬ ብር በብዛት ወደ ገጠር ይወጣባቸዋል፤ ያንን ወረቀት የሚያቀርበው ብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። የ200 ብር ኖት በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ላይ ሀብት ሳይሆን ዕዳ ነው። ባንኮችም እርስ በርስ የሚከፋፈሉት በብሔራዊ ባንክ ባላቸው ተቀማጭ ነው። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ የባንኮቹ ባንክ ነው፤ እሱ የሚፈጥረውን ማንም ከላይ ሆኖ አይገድበውም። ከሕግ በቀር።

መንግሥት ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ለብዙ ዓመታት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ ይበደር ነበር። መዝገቡ ላይ የሚሆነው ከነጋዴው ብድር ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ተበዳሪውም ባንኩም የመንግሥት መሆናቸው ነው። መንግሥት ለሥራ ተቋራጩና ለሠራተኛው ይከፍላል፤ ገንዘቡ ንግድ ባንኮች ውስጥ ይገባል፤ ጤፍና ሲሚንቶ ግን በዚያው ልክ አልጨመሩም። ከሚያዝያ 2003 እስከ ኅዳር 2012 ደግሞ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ ያህሉን በትንሽ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። ፋብሪካ የተሠራበት፣ ግድብ የተጀመረበት ዘመን ስለሆነ ብዙ ሰው ያወድሰዋል፤ እኔም ሁሉም ባከነ አልልም። ሂሳቡን ማን ከፈለ ብሎ መጠየቅ ግን የሴሚናሩ ሥራ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ። 10,000 ብር ያስቀመጠ የደብረ ማርቆስ መምህር በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል። ዋጋ 30 በመቶ ከጨመረ ያ 10,700 የሚገዛው ባለፈው ዓመት በ8,230 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። 1,770 ብር ያህል ሄደበት። ማንም በሩን አላንኳኳም፤ ማንም መሬቱን አልለካም፤ ደረሰኝም አልተሰጠውም። በ1960 ጎጃም ገማቹን ከደጃፉ መለሰ፤ ይህ ግን ገማች የሌለው ግብር ነውና የሚመለስ ሰው የለም። ከፍ ዝቅም አለው። በሬና እህል ይዞ የተቀመጠ ገበሬ በከፊል ያመልጣል፤ የበሬው ዋጋ አብሮ ይወጣል። ደመወዝተኛውና ጡረተኛው አያመልጡም። የብር ቅያሬ ሲመጣ ደግሞ፣ መስከረም 2013 ላይ እንደሆነው፣ በጆንያና በሣጥን ወረቀት ያስቀመጠ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ወደ ባንክ መውጣት ይጠበቅበታል። ብር በእጅ መያዝ የማይመቸው በሁለት በኩል ነው ማለት ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በወሩ መጀመሪያ ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ እንደሚመራ አስታውቆ ተመኑን 15 በመቶ አደረገ። ከዚያ በፊት ዋናው መሣሪያ መጠን መገደብ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ታዞ ነበር። ሐምሌ 22 ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2017 የወጣው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ደግሞ የመንግሥትን ቀጥተኛ ብድር ገደብ አበጀለት። በወረቀት ደረጃ ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ገደቡ የሚፈተነው ግን መንግሥት ገንዘብ ሲቸግረው ነው፤ በጥጋብ ጊዜ ሁሉም ሕግ ያከብራል።

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላለው የጎዛምን ገበሬ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይደርሰዋል? ምንዛሪው በቶሎ ይደርሰዋል። ማዳበሪያ በዶላር ነው የሚገባው፤ መንግሥት ቢደጉመውም ጫናው በሚቀጥለው እርሻ ይታያል። የ15 በመቶው ወለድ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ባንክ ከባንክ ሲበደር ተመኑን ይከተላል፤ ከዚያ ለነጋዴው ይተላለፋል፤ ነጋዴው ለገበሬው የሚሰጠውን ዋጋ ይነካል። ገበሬው ራሱ የሚበደረው ወይ ከብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ወይ ከዘመድ፣ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ነው፤ ሦስቱም በኮሚቴ ውሳኔ ማግስት ተመን አይቀይሩም።

ለመጨረሻው ሳምንት የምሰጠው ሥራ የሚነሣው ከዚህ ነው። የማዳበሪያ ዕዳና ግብር የሚከፈለው ከመኸር በኋላ ስለሆነ ገበሬው በጥር ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚሸጥ ጤፍ ይረክሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ብዙው ቤተሰብ እህል ገዢ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጤፍ ይወደዳል። በጥር ሸጦ በነሐሴ የሚገዛ ሰው በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለሰባት ወር ብድር ወለድ ከፈለ ማለት ነው፤ ማንም ግን ብድር ብሎ አልጠራለትም። ተማሪው በደብረ ማርቆስ እህል በረንዳ ያለፈው ጥርና ነሐሴ ላይ የአንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ዋጋ ስንት እንደነበር ጠይቆ ይመዝግብ፤ የዋጋ ንረቱን ይቀንስለት፤ የቀረውን ልዩነት በመቶኛ ወደ ዓመት ያስላና እንዲሁ ንረቱ ከተቀነሰለት የብሔራዊ ባንክ ተመን ጎን ያስቀምጠው። ከዚያ የትኛው ተመን ጎጃምን እንደሚገዛ፣ ጎተራ ያለው ነጋዴ ከዚህ ልዩነት ምን ያህሉን እንደሚወስድ፣ ምን ያህሉስ የነቀዝና የማከማቻ ወጪ እንደሆነ አምስት ገጽ ይጻፍበት።